ጥሬ የጣና አሳ በሎሚና በሚጥሚጣ ይበላል ወይ?

የተጠየቅኩት ጥያቄ ይሄ ነው፦ "እኔና ጓደኞቼ ባህር ዳር ነን፣ ቲክቶክ ላይ የዓለም አስገራሚ ምግቦችን የሚያሳይ ቪዲዮ ልንጀምር ነው። ከውጭ ማስመጣት ስለማንችል እዚሁ ባለው ነገር ልንሰራው አስበናል። አንደኛው ክፍል ጥሬ ቆሮሶ ነው፣ ከሀይቁ እንደወጣ ፊሌቶ አስወጥተን በሎሚና በሚጥሚጣ እንበላለን። ሁለተኛው ስዊድኖቹ እንደሚያደርጉት አሳ በጨው ጠርሙስ ውስጥ ከድነን ሁለት ወር አስቀምጠን ካሜራ ፊት ከፍተን መብላት ነው። ጥሬ ሥጋ ከልጅነታችን የለመድን ነን፣ ሎሚውም ትሉን ይገድለዋል ይባላል፣ ጃፓኖችም በየቀኑ ይበሉታል። ችግር አለው እንዴ? ካለውስ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር አይበቃም? እርሶ ባለሙያ ስለሆኑ ይንገሩን።"

ጥሬውን አትብሉ፣ ጠርሙሱን ደግሞ ጭራሽ አትጀምሩት። ሰው ሁሉ የሚፈራው ጥሬውን ነው፣ ከሁለቱ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ሰው ሊገድል የሚችለው ሁለተኛው ነው፣ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። ፍሪጅ ማሳደርም አይበቃም። ጥያቄህ ውስጥ ሎሚው፣ ጥሬ ሥጋው፣ ጃፓኖቹና ፍሪጁ አንድ ላይ ተደርድረው እንደ ዋስትና ቀርበዋል፣ አንዳቸውም ዋስትና አይሆኑም፣ ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ከሎሚው ልጀምር ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ስስ ተደርጎ የተቆረጠ የቆሮሶ ሥጋ ላይ ሎሚ ጭመቅበትና ትንሽ ጠብቅ፣ መጀመሪያ ጠርዙ ከዛ መሃሉ ያ ብርሃን የሚያሳልፈው መልኩ እየጠፋ ነጭ እየሆነ ይሄዳል፣ ጠንከርም ይላል፣ ስታየው መጥበሻ ላይ ገብቶ የወጣ ነው የሚመስልህ። የሆነው ግን አሲዱ የሥጋውን ፕሮቲን ቅርጽ መቀየሩ ብቻ ነው። እሳት ሥጋውንም ይቀይራል፣ ሥጋው ውስጥ ያለውን ትልና ባክቴሪያም ይገድላል፣ ሎሚ የመጀመሪያውን ሰርቶ ሁለተኛውን ይተወዋል። አሳ ውስጥ የሚኖረው የትል እጭ እኮ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፣ አሳ በል ወፍ ወይም ሌላ እንስሳ ውጦት ጨጓራው ውስጥ እስኪገባ፣ የጨጓራ አሲድ ደግሞ ከሎሚ የሚያንስ አይደለም። እዛ መኖር የሚችል ፍጥረት ሳህን ላይ የተጨመቀ ሎሚ ምንም አይመስለውም። አቼቶም ያው ነው፣ ስፔኖች በአቼቶ የሚነከር ትንሽ የባህር አሳ አላቸው፣ በአቼቶው ውስጥ ትሉ ለቀናት በሕይወት ስለሚቆይ ነው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ምግብ ቤቶቹ አሳውን መጀመሪያ አጥብቀው እንዲያቀዘቅዙት በሕግ የተገደዱት። ሚጥሚጣው ምላስህን ያቃጥላል እንጂ ትሉን አያቃጥለውም። አረቄ አብሮ መጠጣትም እንደዛው፣ ሆድህ ውስጥ የሚደርሰው አረቄ በምግብና በፈሳሽ የቀጠነ ነው።

ሎሚና በርበሬ ላይ የመተማመን ዋጋውን ያየ አገር አለ፣ ታይላንድ። በሰሜን ምስራቁ ክፍል፣ ኮን ኬን በሚባለው አካባቢና በዙሪያው፣ ኮይ ፕላ የሚባል ምግብ አለ፣ የወንዝና የኩሬ ትናንሽ አሳዎች ጥሬያቸውን ደቀቅ ተደርገው ይከተፋሉ፣ ሎሚ ይጨመቅባቸዋል፣ ቃሪያና ቅጠላ ቅጠል ይገባል፣ ይበላል። አንተ ያሰብከው ምግብ ማለት ነው በአጭሩ። እዛ አሳ ውስጥ ያለው የጉበት ትል ሎሚውንም ቃሪያውንም አልፎ ሰው የሐሞት ቱቦ ውስጥ ይገባና ለዓመታት ይቀመጣል፣ ቱቦውን እያቆሰለ ቆይቶ በስተመጨረሻ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ያመጣል፣ አካባቢው በዚህ ካንሰር ከዓለም በጣም ከተጠቁት አንዱ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይሄን ትል በእርግጠኝነት ካንሰር አምጪ ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል። ትሉ የደቡብ ምስራቅ እስያ ነው፣ ጣና ውስጥ አለ እያልኩህ አይደለም፣ ሰው እንዳይደናገጥ። ያነሳሁት አሰራሩ ከናንተ ጋር አንድ ስለሆነና ብዙ ሰው በትውልድ ቅብብሎሽ "ሎሚው አብስሎታል" እያለ ሲበላው ስለኖረ ነው።

ፔሩዎችም ሴቪቼ የሚሉት በሎሚ የሚሰራ ጥሬ የባህር አሳ አላቸው፣ በጣም የታወቀ ብሔራዊ ምግባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 መጀመሪያ ላይ አገሪቱ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ በዛ አንድ ዓመት ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ሲታመም ዋናው መተላለፊያ የተበከለ ውሃ ቢሆንም ጥሬ የባህር ምግብም ከተጠረጠሩት ውስጥ ነበር፣ ሰው ለጊዜው ሴቪቼን እስከመሸሽ ደርሶ ነበር። አሳ ያደገበትን ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው።

"ጥሬ ሥጋ ለምደናል" ላልከው። ጥሬ ሥጋ መልመድ የሚባል ነገር ሆድን አይከላከልም፣ ለምደን ቢሆን ኮሶ ባላስቸገረን ነበር። እኔ ጥሬ ሥጋ አትብሉ እያልኩ ባህላችን ላይ ልነሳ አይደለም ግን ሁለቱን ማወዳደር ስህተት ነው። የበሬው ኮሶ ሰውን ቤቱ አድርጎ የኖረ ትል ነው፣ ሰው አንጀት ውስጥ ይገባል፣ እዛው ያድጋል፣ ያሳፍራል ያስቸግራል፣ መድኃኒት ስትወስድ ይወጣል። አሳ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ግን ቤታቸው ሰው አይደለም፣ ወፍ ነው ወይም ሌላ እንስሳ፣ ስለዚህ የማያውቁት አካል ውስጥ ሲገቡ አንጀት ውስጥ ተረጋግተው አይቀመጡም፣ የጨጓራን ግድግዳ ይበሳሉ፣ አንዳንዶቹ ከአንጀት ወጥተው በሰውነት ውስጥ መንገድ ይፈልጋሉ። ናቶስቶማ የሚባለው ዓይነት ከቆዳ ስር እየተሳበ ዛሬ እዚህ ነገ እዛ የሚያብጥ እብጠት ያመጣል፣ ሲከፋ ዓይንና አንጎል ይደርሳል። አፍሪካ ውስጥ አይገኝም ተብሎ እንዳይታለፍ፣ ቦትስዋና ኦካቫንጎ ዴልታ ላይ ከውሃው የተያዘ አሳ ጥሬውን የበሉ እንግሊዛውያን ቱሪስቶች አገራቸው ገብተው በዚሁ ትል መታመማቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘግቧል።

የጣናው አሳ ውስጥስ ምን አለ? ጣና ላይ የሚሸጠው አሳ ባብዛኛው ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ አሳ ነው፣ ሦስቱም ላይ ጥገኛ ትሎች እንዳሉ ሲጠና ቆይቷል። አንዱ ኮንትራሲከም የሚባለው ነው። ትልቁ ትል የሚኖረው ፔሊካንና ጥቁሮቹ አሳ አጥማጅ ወፎች ሆድ ውስጥ ነው፣ እንቁላሉ በኩሳቸው ውሃ ውስጥ ይገባል፣ በአይን የማይታዩ ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ይበሉታል፣ እነሱን አሳ ይበላቸዋል፣ አሳውን ወፍ ይበላዋል፣ ዙሩ እንዲህ ነው የሚቀጥለው። ማየት ከፈለክ ሀይቁ ዳር አሳ የሚያጸዱት ልጆች ጋ ሂድና ሳይጸዳ የቀረ ሙሉ ቆሮሶ ግዛ፣ ሆዱን ብቻ አይደለም ጉሮሮው ስር ልቡ ያለበትን ትንሿን ክፍል ክፈት፣ ዕድለኛ ከሆንክ ባዶ ነው፣ ካልሆንክ ደግሞ እዛች ጠባብ ቦታ ውስጥ የተጠቀለለ፣ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነካ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ትል ታገኛለህ። አምባዛ ላይ ሆድ ዕቃው ውስጥ ነው የሚበዛው። ይሄ ትል ሰውን እንደሚያሳምም የተመዘገበው ጥቂት ቦታ ነው፣ ግን ሰው ላይ የታየው ባልበሰለ አሳ ምክንያት ነው።

እዚህ ጋ አንድ ማረም ያለብኝ ነገር አለ። ትናንሾቹ ነጭ አሳዎች ሆድ ውስጥ አንዳንዴ እንደ ጥብጣብ የረዘመ ጠፍጣፋ ነጭ ትል ይወጣል፣ ሆዱን ሞልቶት አሳው እርጉዝ ይመስላል፣ ሰው እሱን ሲያይ ጠቅላላ አሳውን ሜዳ ላይ ይደፋዋል። ሊጉላ ይባላል፣ ጎልማሳው ትል የሚኖረው ወፍ ላይ ነው፣ አሳው ሆዱ ተጠርጎ ከበሰለ ይበላል ችግር የለውም። የሚያስደነግጠው ትልቁ ሳይሆን ሥጋው ውስጥ ከሩዝ ፍሬ አንሶ ተጠቅልሎ የተኛው ነው፣ እሱን አይንህ ላያየው ይችላል፣ ፊሌቶ የሚያወጣውም ልጅ አያየውም፣ "አገላብጬ አይቼዋለሁ ንጹህ ነው" የሚባለው ነገር ዋጋ የለውም።

ትኩስነትስ? ታንኳ ላይ እያለ የተገዛ፣ ገና የሚንፈራገጥ አሳ ንጹህ ነው የሚል እምነት በጣም ተስፋፍቷል። ትኩስነት አሳው እንዳልሸተተና እንዳልተበላሸ ነው የሚነግርህ። ትሉ አሳው በሕይወት እያለ የገባ ነው፣ እንደውም አሳው በቶሎ ካልተጸዳ ሆድ ዕቃ ውስጥ ያለው ትል ወደ ሥጋው ሊሻገር ይችላል፣ ስለዚህ ቶሎ መጥረግ ጥሩ ነው፣ ግን ሥጋው ውስጥ ቀድሞ የገባውን አያወጣውም። ባክቴሪያውም እንደዛው። ባህር ዳር ዳርቻዋ ላይ የከተማ ፍሳሽ ወደ ሀይቁ ይገባል፣ ይሄ የተደበቀ ነገር አይደለም፣ አሳው የሚጸዳውም ብዙ ጊዜ በዛው በሀይቁ ውሃ ታጥቦ ነው፣ አንድ ቢላ አንድ ጣውላ ላይ ስንት አሳ ነው የሚገፈፈው፣ የአንዱ ሆድ ዕቃ የሌላውን ሥጋ ይነካል። የሚበስል አሳ ከሆነ እሳቱ ይጨርሰዋል፣ ጥሬ ከሆነ ግን በቀጥታ አፍህ ውስጥ ነው።

ሲንጋፖርን ብቻ ልጨምርና ወደ ጃፓኖቹ ልሂድ። እ.ኤ.አ. በ2015 እዛ ብዙ ጤነኛ ጎልማሶች በድንገት ደማቸው ውስጥ በገባ ባክቴሪያ ሆስፒታል ገቡ፣ አንዳንዶቹ ማጅራት ገትር ያዛቸው፣ ሲጣራ ከገንፎ ጋር ጥሬውን ከሚበላ የጨው አልባ ውሃ አሳ የመጣ ነው፣ በዛው ዓመት ታኅሣሥ አካባቢ መንግስት ምግብ ቤቶች የሀይቅና የወንዝ አሳ ጥሬውን እንዳይሸጡ ከለከለ። የባህሩን አልከለከለም። ሲንጋፖር ሀብታም ናት፣ ፍሪጅም ተቆጣጣሪም አላት፣ እሷ እንኳ ይሄን ነገር በጽዳት ብቻ ልቆጣጠረው አልችልም ብላ ነው የዘጋችው።

ጃፓኖች በየቀኑ የሚበሉት ጥሬ አሳ በብዛት የባህር አሳ ነው። የባህሩም ቢሆን ትል አለው፣ አኒሳኪስ የሚባለው በየዓመቱ ብዙ ጃፓናዊ ያሳምማል፣ በሰዓታት ውስጥ ሆድ ይቆርጣል፣ ሐኪሙ በጉሮሮ ካሜራ አስገብቶ በመቆንጠጫ ያወጣዋል። ነገር ግን የእሱ ዙር ከዓሣ ነባሪና ከመሰሎቹ ጋር ነው፣ ሰው ውስጥ ማደግ አይችልም፣ ይሞታል። የሀይቅና የወንዝ አሳ ትሎች ግን ብዙዎቹ የሚኖሩት እንደኛው የብስ ላይ የሚኖሩ ፍጥረታት፣ ድመት ውሻ ወፍ አንዳንዴም ሰው ራሱ ውስጥ ስለሆነ አንዳንዶቹ እኛም ውስጥ መቆየት ይችላሉ። ጃፓኖች ይሄን በደንብ ያውቁታል። ትልቁ ሀይቃቸው ቢዋ ይባላል፣ እንደ ጣና የጥንት የአሳ ባህል ያለበት ሀይቅ ነው፣ እና የቢዋ ሰዎች ከሀይቁ የሚያወጡትን አንድ ዓይነት አሳ እንዴት እንደሚበሉት ስማ፦ ይጠርጉታል፣ በጨው ለወራት ያስቀምጡታል፣ ከዛ ጨውን አጥበው በተቀቀለ ሩዝ መሃል ይደረድሩትና ከላይ ከባድ ድንጋይ ጭነው አንድ ዓመትና ከዛ በላይ ይተዉታል። ሩዙ እየኮመጠጠ አሳውን ያኮመጥጠዋል፣ አጥንቱ ሳይቀር ይለሰልሳል። ፉናዙሺ ይባላል፣ ዛሬ ሱሺ የምንለው ምግብ ዘሩ የተመዘዘው ከዚህ ዓይነት ነገር ነው። ለዚህ ምግብ ሀይቅ ዳር የሚኖረው ጃፓናዊ ከውሃው አውጥቶ ሎሚ አይጨምቅበትም፣ ያን ሁሉ ጊዜ ነው የሚጠብቀው።

አስገራሚ የሚባሉትን ምግቦች ሁሉ እንዲህ ብታያቸው ጥሩ ነው፣ ቪዲዮው ላይ የሚታየው ፊቱን የሚያጨማድደው ሰው ነው፣ የማይታየው ከኋላ ያለው ሥራ ነው። አይስላንዶች ሃካርል የሚሉት የበሰበሰ ሻርክ፣ ሻርኩ ትኩስ ከተበላ መርዝ ነው፣ ጠጠር ውስጥ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ተቀብሮ ፈሳሹ ይወጣለታል፣ ከዛ ለወራት ነፋስ ላይ ይሰቀላል፣ ሽንት ሽንት የሚለው ሽታው የዛ ውጤት ነው፣ የሚበላውም በዚህ ምክንያት ነው። ፉጉ የሚባለው የጃፓኖቹ መርዛማ አሳ መርዙ በእሳት አይጠፋም፣ ማርከሻ የለውም፣ ስለዚህ ተፈትኖ ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ ነው የሚያርደው፣ ጉበቱን መሸጥ ክልክል ነው፣ ባንዶ ሚትሱጎሮ ስምንተኛ የሚባለው ካቡኪ በሚባለው የጃፓን ባህላዊ ቲያትር ታዋቂ የነበረ ተዋናይ እ.ኤ.አ. በ1975 ደጋግሞ የፉጉ ጉበት አዝዞ በልቶ ነው የሞተው፣ "እኔን አይነካኝም" ብሎ። ሰርዲኒያ ላይ ካሱ ማርዙ የሚሉት ትል የሚዘልበት አይብ ደግሞ እንደ ደንቡ ገበያ ላይ እንዳይሸጥ የተከለከለ ነው። ኮሪያ ላይ የሚንቀሳቀስ የኦክቶፐስ እጅ ይበላል፣ በደንብ ካልታኘከ ጉሮሮ ላይ ይጣበቅና ሰው አንቆ ይገድላል።

እኛም አገር እኮ አለን፣ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ጓያ። ፎገራና ደንቢያ ላይ፣ እዚሁ ጣና ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሰው ሌላ እህል አጥቶ ጓያ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ብዙ ወጣት እግሩ ሽባ ሆኖ በዱላ የሚሄድ ሆነ፣ የማይመለስ ሽባነት ነው። ያንኑ ጓያ ዘፍዝፎ ውሃውን ደፍቶ፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ፣ በልኩ የበላ ሰው ያን ያህል አይጎዳም፣ ቆሎውንና እሸቱን አብዝቶ የበላው ነው የባሰበት። እናቶቻችን ስለ ጓያ የሚያውቁት ነገር እውቀት ነው፣ በዘር የወረደ የደህንነት እውቀት። ለጥሬ የጣና አሳ እንዲህ ያለ የወረደ እውቀት የለንም። ነገደ ወይጦም ሌላውም አሳ አጥማጅ ለዘመናት አሳውን በእሳት አብስሎ ወይ ቋንጣ አድርጎ አቆይቶ ነው የኖረበት። ሀዋሳ አሞራ ገደል ላይ ጥሬ አሳ በአዋዜ ይበላል አይደል ትለኝ ይሆናል፣ አዎ ይበላል፣ ሰው ሲያደርገው ማየት ግን ማስረጃ አይሆንም፣ የታመመው ሰው ሆዱን ሲያመው ከወር በፊት የበላውን አሳ አያስታውስም።

አሁን ወደ ፍሪጁ። ትልን በብርድ መግደል ይቻላል፣ ይሄ እውነት ነው፣ ሱሺ የሚሰሩ አገሮችም የሚተማመኑበት ዘዴ ነው፣ ግን የሚታወቅ ልክ አለው፦ የአሳው መሃል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ደርሶ 7 ቀን መቆየት አለበት፣ ወይም ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ላይ እስኪጠጥር ቀዝቅዞ እዛው 15 ሰዓት። ፍሪጅ ታችኛው ክፍል 4 ዲግሪ ነው፣ እሱ ላይ ትሉ ምንም አይሆንም። ከላይ ያለችው የበረዶ ሳጥን አንድ ኮከብ ከሆነች 6፣ ሁለት ኮከብ ከሆነች 12፣ ሦስት ኮከብ ከሆነች 18 ከዜሮ በታች ነው የምትደርሰው፣ ያም መብራት ካልጠፋ፣ በሩም ካልተከፈተ። መብራቱ ደግሞ ምን እንደሚመስል አንተም ታውቀዋለህ። ጥሩ ዲፕ ፍሪዘርና ቴርሞሜትር ኖሮህ ሳምንቱን ሙሉ ብትጠብቅም ብርድ ትልን እንጂ ባክቴሪያን አይገድልም፣ ያስተኛዋል፣ ሲቀልጥ ይነሳል፣ ስለዚህ ለጣና አሳ ብርዱ ግማሽ መፍትሔ ነው። ለዚህ ነው "አቀዝቅዛችሁ ብሉት" የማልልህ።

ወደ ጠርሙሱ። ስዊድኖቹ ሱርስትሮሚንግ የሚሉት የባልቲክ ባህር ትንሽ አሳ ነው። መጀመሪያ ጠንካራ የጨው ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ ከዛ ጭንቅላቱ ይቆረጣል ሆዱ ይጠረጋል፣ ቀጥሎ በሚታወቅ የጨው መጠን፣ ሙቀቱ በሚቆጣጠሩት ቦታ በበርሜል ይብላላል፣ በመጨረሻ ፋብሪካ ውስጥ ይታሸጋል። ጣሳው ያብጣል፣ ሲከፈት ይረጫል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ኤር ፍራንስና ብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን ላይ እንዳይጫን ከልክለዋል። ቪዲዮው ላይ የምታየው ግን ሰው የሚያስታውከው ብቻ ነው፣ የጨው መጠኑንና የሙቀቱን ቁጥጥር አያሳይህም።

አንተ ያሰብከው ጣና አሳ፣ በግምት የተበተነ ጨው፣ የተከደነ ጠርሙስ፣ ባህር ዳር ሙቀት፣ ሁለት ወር ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚኖረው ጭቃ ውስጥና አሳ አንጀት ውስጥ ነው፣ የሚወደው አየር የሌለበት፣ ሞቅ ያለ፣ ጨዉና አሲዱ ያነሰ ቦታ ነው። ካንተ ጠርሙስ የተሻለ ቤት አያገኝም። የሚያመነጨው መርዝ በጣም ጥቂቱ ሰው ይገድላል፣ ነርቭ ላይ ሰርቶ መጨረሻ ላይ መተንፈሻ ጡንቻን ያቆማል፣ ጣዕምና ሽታ ላይ ደግሞ ምንም ምልክት ላይኖረው ይችላል፣ ሲከፈት ቢሸትም ባይሸትም አትለየውም። ወንዛችን ከኛ ወጥቶ የሚደርስባት ግብፅ ፈሲኽ የሚባል በጨው የቆየ አሳ አላት፣ በፀደይ በዓላቸው ሰዉ ሁሉ ይበላዋል፣ ሺህ ዓመታት የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሆዱ ሳይጠረግ ጨው ውስጥ የገባ ፈሲኽ 91 ሰው ሆስፒታል አስገባ፣ 18ቱ ሞቱ። ያን ያህል ዘመን ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ። የእጅ ሙያው ያለው ሰው ጋ እንኳ የሚሆነው ይሄ ከሆነ፣ ከቪዲዮ አይቶ የሚጀምር ሰው ጋ ምን እንደሚሆን አስበው። ይሄን ቪዲዮ አይቶ የሚሞክረው ሌላ ልጅም አለ፣ እሱም ያንተ ኃላፊነት ነው።

እና ምን ትሰሩ? ያንኑ አሳ ዱለት አድርጉት። ፊሌቶውን ቆዳና አጥንት ሳይኖርበት ደቃቅ አድርጋችሁ ክተፉት፣ ጥሬ ሊበላ የታሰበውን ያህል ደቃቅ፣ ሽንኩርት ቃሪያ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ወይ በቅቤ ጠበስ ጠበስ አድርጉ፣ አሳውን በጋለው ላይ ጨምሩና ሳታቋርጡ አማስሉ፣ ደቃቅ ስለሆነ ደቂቃዎች ናቸው የሚፈጅበት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቁራጭ አንድም ሳይቀር ሁሉም ነጭ ሆኖ በሹካ ሲነካ ሲፈረካከስ ደርሷል። ቴርሞሜትር ካላችሁ መሃሉ 63 ዲግሪ ይድረስ። ሚጥሚጣውን ኮረሪማውን ያኔ፣ ሎሚውን ደግሞ ከእሳት ካወረዳችሁት በኋላ። ሎሚና ሚጥሚጣው እዛ አለ፣ የአሳው ጣዕም እዛ አለ። "ጥሬው ቫይታሚኑ ይበልጣል" የሚባለው ነገር እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አይደለም፣ የአሳ ፕሮቲንና ጥሩ ስቡ በአጭር ጊዜ ማብሰል አይጠፋም። ጥሬውን የነካ ጣውላና ቢላ ግን ለእንጀራና ለሰላጣ ሳይታጠብ አይዋል።

ካሜራው ላይ የሚያስገርም ነገር ከፈለጋችሁ ደግሞ አለ፦ ሎሚው አሳውን ሲያነጣ ቀርጻችሁ፣ ከዛው ከቆሮሶው ልብ ስር የወጣውን ትል ሎሚ ውስጥ ጨምሩትና ሰዓት ያዙ፣ ሰዉ ራሱ ይየው። ያ ቪዲዮ ከጥሬ አሳ ጉርሻ የበለጠ የሚያስደነግጥ ነው፣ የሚጎዳውም ሰው የለም። ትሉን በእጅ አትነካኩት፣ መቆንጠጫ ያዙ፣ ሲጨርስ እጃችሁን በሳሙና።

ምናልባት ከመጠየቅህ በፊት አንዳችሁ ቀምሳችሁ ከሆነ አትደናገጡ፣ አንዴ ጥሬ አሳ የበላ ሰው ሁሉ አይታመምም። ግን በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጨጓራ አካባቢ ከባድ ቁርጠትና ማስታወክ ከመጣ፣ ትኩሳት ከጨመረበት፣ ወይም ከሳምንታት በኋላ ቆዳ ስር ቦታ የሚቀያይር እብጠት ከታየ ሆስፒታል ሂዱ፣ ለሐኪሙም ጥሬ የሀይቅ አሳ መብላታችሁን ሳይጠይቃችሁ ንገሩት፣ ካልነገራችሁት የሚያስበው ጨጓራና ታይፎይድ ነው። ፋርማሲ ሄዳችሁ የኮሶ መድኃኒት በራሳችሁ አትግዙ፣ እነዚህ እጮች ብዙዎቹ ለሱ የሚመለሱ አይደሉም። እርጉዝ የሆነች፣ ጉበት የሚያመው፣ ስኳር ያለበት ወይም ሕፃን ከቀመሰ ምልክት ሳትጠብቁ ሐኪም አማክሩ።

ጠርሙሱን ጀምራችሁት ከሆነ ደግሞ አትክፈቱት፣ አትቅመሱት፣ "ቀቅለን እንብላው" አትበሉ። እንደተከደነ በፌስታል ደራርባችሁ ጠቅልሉትና ልጅና ውሻ የማይደርስበት ቦታ ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። ከሱ የቀመሰ ሰው ካለና አይኑ ብዥ ካለ ወይ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየው፣ የአይኑ ቆብ ከወደቀ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መናገር ካቃተው፣ ትኩሳት ባይኖረውም ሙሉ ነቅቶ እያወራ ቢሆንም፣ ያኔውኑ ባጃጅም ይሁን አምቡላንስ ይዛችሁት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ነው የሚኬደው፣ እስከ ጠዋት አይጠበቅም።